ሰም ቀቢው ለልጁ የተናዘዘው

እኔ ተሾመ ወልደየስ፣ ነዋሪነቴ ሰበታ፣ ዓለም ገና፣ ከጅማ መንገድ ዳር፣ ሥራዬም መኪና ማጽዳትና ሰም መቀባት የሆነ፣ ዛሬ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በገዛ ግቢዬ ተቀምጬ ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። ክንዴ ከትከሻዬ አልነሣ ብሎኛል፤ ልቡናዬ ግን በቦታው ነው። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልለመነኝም። የሚለምነኝ ሰው ቢኖርማ ደስ ባለኝ ነበር።

"ጋሽ ተሾመ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልተዋት?" አለኝ የእድራችን ጸሐፊ ዲሪርሳ፣ ብዕሩን ይዞ። ያልሁት ሁሉ ይጻፍ ብያለሁ።

ባለቤቴ ውብአየሁ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከእኔ ቀድማ ሄዳለች። ከእርሷ የወለድኋት ሔለን ተሾመ አንድ ልጄ ናት፤ ኑሮዋ ሱሉልታ ነው። ይህ ግቢ ከነቤቱ፣ ከነውኃ ጉድጓዱ የሔለን ነው፤ ተካፋይ የላትም። የወንድሜ ልጆች ከቡራዩ መጥተው የአያት መሬት ነው ቢሉ፣ እኔና ውብአየሁ በላባችን እንደ ገዛነው ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ውብአየሁ ጠላ በጠመቀች ጊዜ መንገዱ ጠፍቷቸው አያውቅም፤ ታማ በተኛች ጊዜ ግን ደጃችንን አልረገጡም።

ከጠጅ ቤት ባለቤቷ ከወይዘሮ ቤተልሄም የተዋስሁት በርሜል ታጥቦ ይመለስላት። ሌላ ዕዳ የለብኝም።

ሰም ማቅለጫው ብረት ድስት ከነወንፊቱ ለሰዓዲያ ይሰጥ። ሰዓዲያ ከመንገዱ ማዶ መኪና የምታጥብ ናት፤ አሠራሩን ደጋግማ ጠይቃኝ "ነገ" እያልሁ አቆይቻታለሁ፤ አሁን ነገ የለኝምና እነሆ። ከጠጅ ቤት የሚወጣውን ሰፈፍ በውኃ አፍልቶ፣ በሻሽ አጥልሎ፣ ንጹሑን የንብ ሰም መለየት ነው። እርሱ ብቻውን ከተቀባ ፀሐይ ሲመታው ይለሰልስና አቧራ ይይዛል። ስለዚህ፣ ሰዓዲያ፣ ከዘንባባ ቅጠል የሚገኘውን፣ ከውጭ የሚመጣውን ደረቅ ሰም ጥቂት ጨምሪበት፤ ጥንካሬውም ማብረቅረቁም ከእርሱ ነው። ከዚያ ከእሳት አውርደሽ የቀለም ማቅጠኛውን አኳራጅ አፍስሺ፤ ያለሰልሰዋል፣ ሲቀባም እርሱ ተንኖ ሰሙ ይቀራል። እሳት ላይ ሳለ ያፈሰሰ ቅንድቡን ይሰናበት። ሲልከን የሚሉትን ዘይት ግን ፈጽሞ እንዳትነኪው። ያብረቀርቃል፣ አልክድም፤ ነገር ግን መኪናው ተጋጭቶ እንደገና ሲቀባ አዲሱ ቀለም ከቦታው እየሸሸ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሆናል።

"ስንቱን መኪና ሁለቴ አስቀብቶኛል መሰለህ" አለ የመኪና ቀለም ቀቢው ጎረቤቴ ዲኖ። ይጻፍለት።

ነጋዴው ሐምዱ የንብ ሰም ነው ብሎ ሻማ የተቀላቀለበት ሸጦልኛል። ይቅር ብዬዋለሁ። ሰዓዲያ ግን ከእርሱ እንዳትገዛ።

አሁን ሲላንት ስለሚባለው ነገር እናገራለሁ። ከፋብሪካ የሚመጣ ነው፤ ንብም ቅጠልም የለበትም። እንደ ቀለጠ ፕላስቲክ ያለ ነገር ነው፤ ቀለሙን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። የእኔ ሰም በዝናብና በዚህ መንገድ አቧራ ወር ቢቆይ ነው፤ ያ ግን ዓመት ይጠጋል። ይበልጣል፣ ምን ይደረግ።

ሔለን በየወሩ ቪትዟን ይዛ ትመጣ ነበር። የዝናቡ ውኃ በመኪናው ላይ መንከባለሉን ትቶ መተኛት ሲጀምር ሰሙ ለቋል ማለት ነውና ያን ጊዜ ትመጣለች። እኔ እቀባለሁ፤ እርሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የመሥሪያ ቤቷን ወሬ ታወራኛለች፣ እንደ እናቷ ትቆጣኛለች፣ ምሳ አብረን በልተን ትሄዳለች። አምና ክንዴን አይታ አዘነችና አንድ ጠርሙስ ሲላንት ገዝታ መጣች። "አባዬ፣ ይኼ ከተቀባ ቶሎ አይለቅም፤ በየወሩ አትደክምም" አለችኝ። እኔም ሞኙ፣ ባለሙያነቴን ላሳያት ብዬ አሮጌውን ሰም አንድም ሳላስቀር አጠብሁ፣ በጥላ አደረቅሁ፣ አሳምሬ ቀባሁላት። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ሰም አላስፈለገውም፤ እርሷም ወደዚህ አልመጣችም።

"ሥራ በዝቶባት ይሆናል፣ ጋሼ" አለች ባለሱቋ ጎረቤቴ ራህመት።

ይሆናል። ስልክ አታቋርጥም፤ እግዜር ይስጣት፣ ክፉ ልጅ አይደለችም። ስልክ ግን አጠገቤ አይቀመጥም፣ ከእኔ ጋር አይበላም። ልጄ ናፍቃኛለች፤ ይህንንም በግልጽ አስጽፌአለሁ። ግቢውን ልትሸጠው ብትፈልግ ቅር አይለኝም። ከመሸጧ በፊት ግን አንድ ቀን ትዋልበት።

ይህ ቃሌ በዲሪርሳ ተጽፎ፣ አራት ምስክሮች ባሉበት ተነብቦልኝ፣ ያልሁት እንደ ሆነ አረጋግጫለሁ። ሦስቱ ዲኖ፣ ራህመትና ራሱ ዲሪርሳ ናቸው። አራተኛው ፈቀደ ይባላል፤ የባጃጅ ሹፌር ነው፤ የሰም ዋጋ ሊጠይቅ ገብቶ "አባባ፣ ለፊርማ ከሆነ ልቀመጥ" ያለ፣ ዛሬ ያወቅሁት ሰው ነው። ስለ ደግነቱ አመሰግነዋለሁ።

ለዚህ ለአራተኛው ቦታ ትናንት ለሔለን ደውዬ "ለኑዛዜ አንድ ምስክር ጎድሎናል፣ ነይ" ብያት ነበር። የማን ኑዛዜ እንደ ሆነ አልነገርኋትም። "ሰው አይጠፋም አባዬ፣ እዚያው ፈልግ" አለችኝ።

ዲኖ ይህን ሲሰማ "ወራሽ እኮ ምስክር አይሆንም። ብትመጣም አትፈርምም ነበር" አለኝ።

አውቃለሁ። የጠራኋት እንድትፈርም አልነበረም።

ተናዛዥ፦ ተሾመ ወልደየስ
ምስክሮች፦ ዲኖ ሸምሱ፣ ራህመት ኑሪ፣ ዲሪርሳ ገመዳ፣ ፈቀደ ማንደፍሮ