ቦርከና እስኪጎድል ምጤን እንዳቆይ ለመከሩኝ ኮሚቴ

ለክቡር አቶ ኑርሁሴን
የቦርከና ዳር የእናቶች ሆስፒታል የወሊድ አገልግሎት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ከሚሴ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የስድስቱን የተከበሩ የኮሚቴ አባላት ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ በጨፋ ሸለቆ፣ ከወንዙ ማዶ ባለች መንደር የአንደኛ ደረጃ መምህርት የሆንኩት ዘይና በድሩ፣ እግሬ ከማበጡና ወንዙን ባየሁ ቁጥር ልቤ ከመደንገጡ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ።

እንደሚያስታውሱት፣ የመውለጃ ቀኔ ቦርከና ሞልቶ መሻገሪያ በሚጠፋበት በነሐሴ ላይ ስለሚውል፣ ወንዙ ሳይሞላ፣ ከቀኔ ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ በሆስፒታላችሁ በመርፌ ምጥ ተጀምሮልኝ እንድወልድ ለምኜ ነበር። ለዚህ ድፍረቴ ማኅተም ያረፈበት መልስ ስለላኩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መልሱ እናቶች የመውለጃ ቀናቸውን በራሳቸው ፍላጎት ማስቀደም እንደማይችሉ፣ ይህም የከተማ ሴቶች ቅብጠት እንደሆነ ከገለጸ በኋላ፣ ምጤ ወንዙ በሞላበት ሰዓት ቢመጣ ውኃው እስኪጎድል በትዕግሥት እንድጠብቅ ይመክራል። እኔ ለመታገሥ ዝግጁ ነኝ። ሆዴ ውስጥ ያለው ሰው ግን ማንበብ ስለማይችል ምክራችሁ አልደረሰውም። ስለዚህ በእርሱም በእኔም ስም የሚከተሉትን ቅሬታዎች ሳይሆን ምስጋናዎች ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ መውለድ ላስተማሩኝ ትምህርት አመሰግናለሁ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል እሰማ ነበር፤ ሰባት ወንዶች ተሰብስበው ለእርጉዝ ሴት ምጥ ሲያስተምሩ ግን ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነው። ካለጊዜው የተወለደ ልጅ ለመተንፈስ ሊቸገር፣ ማሞቂያ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል መልሱ በዝርዝር ያስረዳል። እውነት ነው፤ አልክድም። ይህንኑ አዋላጇ ሲስተር ፋሪዳ አስቀድማ፣ እጄን ይዛ ነግራኛለች፤ ፈርቻለሁም። ሲስተር ፋሪዳ ግን ይህንን ፍርሃት ከነገረችኝ በኋላ አንቺስ ምን ያስፈራሻል ብላ ጠየቀችኝ። ኮሚቴው ይህን ለመጠየቅ ጊዜ አላገኘም።

ሁለተኛ፣ ኮሚቴው ሥራ እንደሚበዛበት ስለማውቅ ሳልጠየቅ እነግራችኋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዚሁ በክረምት፣ የመጀመሪያ ልጄ ምጥ ሲይዘኝ የመንደራችን ቅሬ ተጠራ። ከተማ ከገቡ ስለቆዩ ረስተውት ከሆነ፣ ቅሬ ማለት ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሴት ስታምጥ ቃሬዛ የሚሸከም፣ ሲጠራ የቀረውን አባሉን የሚቀጣ፣ የእኛ የወንዝ ማዶዎቹ አምቡላንስ ነው። ወንዶቹ የያዙትን እርሻ ጥለው መጡ። «ጀባዱ ዘይና፣ በርቺ፣ ረቢ አለ» እያሉ፣ ጭቃውን እየተንሸራተቱ፣ ትከሻ እየተቀያየሩ ወንዙ ድረስ አደረሱኝ። ቦርከና ግንድ እያንከባለለ ይወርድ ነበር። ቃሬዛውን ሣሩ ላይ አሳርፈው፣ ጋቢያቸውን በዱላ ላይ ዘርግተው ከለሉልኝና ጀርባቸውን ሰጥተው ውኃው እንዲጎድል ዱዓ ያዙ። ከጋቢው ውስጥ ከኔ ጋር የቀረችው አማቴ ኡሚ ብቻ ነበረች። ሴት ልጅ ወለድኩ። ወሯን ሞልታ የተወለደች፣ ጸጉሯ የበዛ ልጅ ነበረች። ትንሽ አለቀሰች፤ ከዚያ ትንፋሿ እየራቀ ሄደ፤ ኡሚ አፏን በአፏ ይዛ ብትታገልም አልተመለሰም። ዓፊያ ልንላት ነበር። ለቀብሯ ቅሬ መጥራት አላስፈለገንም፤ ሰዎቹ እዚያው ነበሩ።

እንግዲህ ክቡር ሰብሳቢ፣ ካለጊዜው የተወለደ ልጅ ሊታመም እንደሚችል ሲነግሩኝ አምናለሁ። በጊዜዋ የተወለደችው ምን እንደምትሆን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ ፍርሃት ሐኪምና ኦክስጅን ባለበት ቤት ነው፤ ሌላው ሣር ላይ ነው። ከሁለቱ የቱን እንደምሸከም እኔ ልወስን ማለቴ ቅብጠት ከሆነ፣ አዎን፣ ቀብጫለሁ።

ሦስተኛ፣ ከወንዝ ማዶ የሚመጡ እናቶች ቀናቸው እስኪደርስ እንዲያርፉበት በግቢያችሁ የተሠራውን የእናቶች ማቆያ ክፍል ጎብኝቼ እጅግ ተደስቻለሁ። በከሚሴ የሚያስጠጋኝ ዘመድ ስለሌለኝ እዚያ እንድቆይ ጠይቄ ነበር፤ ይሁን እንጂ ክፍሉ በስብሰባ ወንበሮች እስከ ጣሪያው ተሞልቶ አገኘሁት። አንዲት እናት በወሊድ ምክንያት መሞት የለባትም የሚለው ትልቁ ባነርም ተጠቅልሎ አልጋው ላይ ተኝቷል። በክፍሉ የተኛ ነገር ቢኖር እርሱ ብቻ ነው። ማቆያው ክፍት ቢሆን ኖሮ ቀን አስቀድሙልኝ ብዬ ባላስቸገርኳችሁ ነበር።

አራተኛውን ልተወው ነበር፤ ሰው ማማት ነውር ነውና። ሆኖም ነገሩ ባቲ ገበያ ድረስ የተወራ ስለሆነ አዲስ ነገር አላወጣም። ባለፈው ዓመት የወንድምዎ ባለቤት በዚሁ ሆስፒታል ከቀኗ ቀድማ ወልዳለች። ምክንያቱም ወንድምዎ ከሪያድ የመጡበት ፈቃድ ሊያልቅ በመሆኑ፣ የአቂቃውን በግ በገዛ እጃቸው አርደው፣ ለልጃቸው ስም አውጥተው እንዲመለሱ ታስቦ ነው። የአባት ነገር ነው፤ ይገባኛል። ልጁ ማሞቂያ ገባ፤ በጉ ታረደ፤ አባትየው ልጃቸውን በመስታወት አይተው ተሳፈሩ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ዛሬ ይሮጣል፤ አላህ ዕድሜውን ያርዝምለት። እናቲቱን ግን አግኝቼ ጠየቅኋት። መቅደሙ ልጁን ሊጎዳው እንደሚችል የነገራት አልነበረም፤ ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃትም የለም። ቀኑን የቆረጣችሁት እርስዎ፣ ወንድምዎና አባታችሁ ናችሁ።

ይህን ስሰማ ቅናቴ ጠፍቶ እንባዬ መጣ። እስከዚያች ቀን ድረስ ለእርሷ የተፈቀደ ለእኔ የተከለከለ ይመስለኝ ነበር። ለካ ለሁለታችንም አልተፈቀደም። በሆስፒታልዎ የመውለጃ ቀን ይመረጣል፤ የማትመርጠው የምትወልደዋ ብቻ ናት።

ሴት ሁሉ እንደ ጸጉር ቤት ቀጠሮ የፈለገችውን ቀን ትውሰድ የሚል ነገር ከአፌ አልወጣም። ለሥራ እንዲመቻት ወይም ለዒድ እንዲደርስላት ብላ ልጇን የምታስቸኩል ብትኖር፣ ሲስተር ፋሪዳ እንደመከረችኝ እኔም እመክራታለሁ። እኔ የምለው እውነቱ ሳይደበቅ ይነገራት፣ እርሷም ስለ ቤቷና ስለ መንገዷ የምታውቀውን ትናገር፣ ከዚያ መዝና ትወስን ነው። እናንተ መጽሐፉን ታውቃላችሁ፤ ወንዙን የምሻገረው ግን እኔ ነኝ።

በመጨረሻም፣ ይግባኝ ብል በመስከረም በሚደረገው መደበኛ ስብሰባ እንደሚታይልኝ በጸሐፊዎ በኩል ስላሳወቁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ጅብ ከሄደ በኋላ ስለሚጮኸው እንስሳ የሚነገረውን ተረት ለክብርዎ ስል እዚህ አልጽፈውም። ስብሰባውን ወደ ሐምሌ ማምጣት ወይም አንዲት አልጋ ማስለቀቅ ከቻሉ ግን የምተርፈው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ከማዶ ሌሎችም እርጉዞች አሉ።

አላህ የእርስዎን መንገድ ሁልጊዜ ደረቅ፣ የቤትዎን ሴቶች ሁልጊዜ በሰላም የሚገላገሉ ያድርግልዎ እያልኩ፣ ከእግርዎ በታች ዝቅ ብዬ፣ ሆዴ በፈቀደልኝ መጠን እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ዘይና በድሩ
ከጨፋ፣ ከወንዙ ማዶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለመስከረሙ ስብሰባ ባለጉዳዩ በአካል መቅረብ እንዳለበት ተነግሮኛል። ማን እንደሚቀርብ ከአሁኑ ማረጋገጥ ስላልቻልኩ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። እኔ ከመጣሁ ልጄን አዝዬ ስለምመጣ ብዙ አላስቸግርም። ባለቤቴ ሙህዲን ብቻውን ከመጣ ግን፣ እባክዎ ተነሥተው ይቀበሉት፤ ምን ፈልገህ መጣህ ብለውም አይጠይቁት።