ጭሱ የእናንተ ነው ወይ ላልሽኝ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ፣ ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ከብቱስ ደህና ናቸው? እኛ ከባለቤቴ ሳል በቀር ደህና ነን፤ ያንቺ ናፍቆት ግን አልቻል ብሎናል።

ባለፈው ስትጽፊልኝ ዝናቡ ጭራሽ ፊቱን እንዳዞረባችሁ ነግረሽኝ፣ ሬዲዮው ሰማዩን ያበላሸው የከሰል ጭስ ነው ስላለ፣ ጭሱ የእናንተ ነው ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እንደምታውቂው እዚህ የመብራት ማመንጫው ውስጥ የከሰል ምድጃ የማነደው እኔ ነኝ። መልሱን ፍለጋ ስባዝን ሰነበትኩ፤ ይኸው አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው።

መጀመሪያ የማመንጫችንን ኢንጂነር ጠየቅኋት። ከሰሉ ሲነድ ከአየር ጋር ስለሚዋሃድ፣ በጭስ ማውጫው የሚወጣው የካርቦን ጋዝ ከራሱ ከከሰሉ ይከብዳል አለችኝ። የምታሾፍብኝ መስሎኝ ሳቅሁ። ጋዙ እንደ ብርድ ልብስ ምድርን ሸፍኖ ያሞቃታልም አለች። ታዲያ የእህቴ ዝናብ የቀረው በእኛ ምድጃ ነው ወይ ብላት፣ "የዓለሙ ሁሉ ጭስ ተደባልቋል፤ የእኛን ለይቼ ማውጣት አልችልም። የለበትም ግን አልልህም" አለች።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ ቱግ አለ። ሀብታሞቹ አገሮች ስንት ዘመን ከሰል አንድደው ከብረው፣ እኛ ገና ቀና ስንል አጥፉ ይሉናል አለ። ፋብሪካውም፣ ሥራውም፣ የአገር ገቢውም ያደገው ከምድጃው ጋር ነው አለ። እውነቱን ነው አልኩ። ኢንጂነሯ ደግሞ ከሰል እየቀነሱም እድገታቸው ያልቆመ አገሮች አሉ፣ ያልቀናቸውም ግን አሉ አለች። እሷም እውነቷን ነው አልኩ። ሥራ አስኪያጁ "አንተ ደግሞ ከማን ጋር ነህ?" ብሎ አፈጠጠብኝ።

ከዚያ ምድጃው ተበላሸና ለጥገና ሁለት ቀን ቆመ። እታለም፣ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ነበር! ባለቤቴ ሳያስላት አደረች፤ ዝምታው እንግዳ ሆኖብኝ ትንፋሿን ሳዳምጥ ነበር። ሲነጋ የምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት መብራት የለም ብሎ መለሳት። ጎረቤታችን አዋላጇም ጤና ጣቢያው ውስጥ በአንድ እጇ የስልክ መብራት ይዛ በሌላው እንዳዋለደች ነገረችን።

ጥገናው ሲያልቅ የፈረቃ አለቃዬ "በል ለኩስ" አለኝ። ማቀጣጠያውን ይዤ ቀረሁ። የባለቤቴ ደረት፣ የአዋላጇ እጅ፣ ያንቺ ደረቅ ማሳ አንድ ላይ ፊቴ ድቅን አሉ። "ምነው፣ ደነዘዝክ እንዴ?" ሲለኝ ለኮስኩት።

ቤት ስደርስ መብራት መጥቶ ሰፈሩ በጭብጨባ ቀልጧል። ባለቤቴ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ እያሳላት ታጨበጭባለች። እኔም አብሬያት አጨበጨብኩ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ኢንጂነሯ ወደፊት በፀሐይ የሚሠራ ማመንጫ ስለሚገነባ ሙያውን ተማር ብላኝ ተመዝግቤያለሁ። መቼ እንደሚገነባ እሷም አታውቅም። እስከዚያው እሳቱን የማነደው እኔው ነኝ፤ ብትቆጪኝ አይገርመኝም።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬ ይድረሰው። ትልቋን ልጅሽን በትምህርቷ በርቺ በያት፤ የትንሿን ጉንጭ ሳሚልኝ። ለአክስታችንም ጆሮዋ አጠገብ ጮክ ብለሽ ሰላም በይልኝ። ባለቤቴ ደግሞ፣ "ጭሱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ በዚያው መብራት የምሰፋው እኔም አለሁበት ብለህ ጻፍላት" ብላኛለች።

ታናሽ ወንድምሽ

ከማመንጫው ሠራተኞች መኖሪያ
ሰኔ 21 ቀን