በእኔ ስም የተኛህ ቀን

ቆቦ፣ ጥር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ታሂር፣

ቁስልህ እንዴት ነው? ትናንት እህትህን ኢቅራን ገበያ አግኝቻት ነበር። መራመድ እንደ ጀመርክ፣ ምግብም እየቀመስክ እንደሆነ ነገረችኝ፤ ደስ አለኝ። ቀጥላ ግን «ሰኞ ቆቦ ሄጄ ዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ፤ የአላምረውን የመድን መታወቂያ ከኪሱ ሰርቄው ነው እላለሁ ብሏል» አለችኝ። ይህን የምጽፍልህ ለዚህ ነው። ስልክ ብደውል «አብሽር፣ አብሽር» እያልክ አታስጨርሰኝም፤ የምነግርህን ደግሞ እስከ መጨረሻው መስማት አለብህ።

ነገሩ የጀመረው አንተ የታመምክ ቀን አይደለም። ዓምና ነው፤ የጤና መድን ቅጹ ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ወደ እኛ የማሽላ ምርምር ጣቢያ የመጣ ጊዜ። ንብረት ክፍል ስለምሠራ ቅጹን የማስሞላው እኔ ነበርኩ። ሁለት ምርጫ ነበረው፤ ለራስ ብቻ፣ ወይም ከቤተሰብ ጋር። ከቤተሰብ የሚለውን መርጬ የእማዬን ስም ጻፍኩ። ያን ቀን የስኳሯ ጭንቀት ከትከሻዬ የወረደ መስሎኝ ነበር። አንተ ከምታስነሳው የመስኖ ፓምፕ መጥተህ፣ እጅህ ግሪስ እንደነካው በሩ ላይ ቆምክና «እኔስ?» አልከኝ።

«ለቋሚ ሠራተኛ ብቻ ነው» አልኩህ።

«እንግዲያው የቀበሌውን መድን ላድስ። እኛ ጎብዬ ምዝገባው ሊዘጋ ነው።»

«ምን አስቸኮለህ? እናንተ ኮንትራቶቹ በዚህ ወር ቋሚ ትሆናላችሁ እየተባለ። ሁለት ቦታ መመዝገብ ምን ያደርግልሃል?»

አመንከኝ። ቅጽ የሚያስሞላ ሰው ሁሉን የሚያውቅ መስሎህ። የቋሚዎቹ ዝርዝር ሲለጠፍ ስምህ አልነበረበትም፤ የቀበሌውም ምዝገባ ተዘግቶ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልወቀስከኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ታመምክ። አራት ቀን ሙሉ ሆድህን በሽርጥህ ጠፍረህ «ቃር ነው» እያልክ ፓምፑን ስታስነሳ ዋልክ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ቦዩ ዳር እጥፍጥፍ ብለህ አገኘሁህ። ባጃጅ ውስጥ ጭንቅላትህ ጭኔ ላይ ነበር፤ እንደ እሳት ትፋጃለህ። የመድን መታወቂያዬን አወጣሁና ደረት ኪስህ ውስጥ ከተትኩት። «ማን ነህ ሲሉህ አላምረው ምትኩ በል» አልኩህ።

«ወላሂ አልልም» አልከኝ። ከዚያ ሕመሙ ጠናብህ።

ታስታውሰው እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን አስታውሰዋለሁ፤ አንተ አልሰረቅክም። ስጠኝም አላልክም።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ በአንተ ሁኔታ ደንግጣ የደበዘዘውን ፎቶ ልብ ብላ አላየችውም። በእኔ ስም ተኛህ። ሚስትህ ፈሪሀ ከጎብዬ በሚኒባስ ስትደርስ በሩ ላይ ያዝኳትና «ታሂር ብለሽ እንዳትጠሪው» አልኳት። ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ፤ ነገሩን ሳስረዳት በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ትንሽ ቆይቼ አልጋህ አጠገብ ጎንበስ ብላ «አላምረው፣ ትሰማኛለህ?» ስትልህ ሰማኋት። ዞረህም አላየሃት። ማንን እንደምትጠራ አልገባህም።

ዶክተር ምሥራቅ መርምረውህ ሲወጡ ትርፍ አንጀትህ እንደፈነዳ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ለቀዶ ሕክምና እንደምትገባ ነገሩን። ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ ሲስተሯ አንድ ወፍራም የሕክምና ካርድ ይዛ መጣች። የእኔ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ባጃጅ ተገልብጦ እግሬ ሲሰበር እዚያው ተኝቼ አልነበር? በስሜ ፈልገው አግኝተውታል።

«ጥሩ ነው፣ ታሪኩ ሁሉ እዚህ አለ» አለች። «ያኔ ፔኒሲሊን አሥር ቀን ወስዶ ተስማምቶታል። አሁንም ቀዶ ሕክምና ከመግባቱ በፊት ከዚያው ዓይነት እንሰጠዋለን። የማይስማማው መድኃኒት የለም አይደል?»

ፈሪሀ እኔን አየችኝና «የለም» አለች። አታውቅማ። ከመጋባታችሁ በፊት ነው፤ ሮቢት አብረን የቀን ሥራ ስንሠራ፣ ለጉሮሮህ ያንኑ የፔኒሲሊን መርፌ ተወግተህ ከጤና ጣቢያው በር ሳትወጣ ፊትህ ያበጠው፣ ትንፋሽ ያጠረህ። አብሬህ የነበርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። «ሁለተኛ ይህን መርፌ እንዳይወጋ» ያሉት ለእኔ ነው።

ለእኔ ነው ያሉት፣ ታሂር። እኔም አፌን አልከፈትኩም።

ወጥቼ ግቢው ውስጥ ካለችው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ብናገር መታወቂያው ይቀማል። ሥራዬም ይሄዳል። የእማዬ ኢንሱሊን የሚመጣው በዚያ ነው። መድኑ ከመምጣቱ በፊት መድኃኒቱ ያለቀባትን ሳምንት ታውቀዋለህ፤ ራሷን ስታ ስትወድቅ አዝለህ ያወጣሃት አንተ ነህ። እስር ቤትም ታየኝ። እና ሰበብ መፈለግ ጀመርኩ። ምናልባት ያኔ ያበጥከው በመርፌው ሳይሆን በሌላ ነገር ይሆናል። ምናልባት ሐኪሞቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። ስልኬ ላይ ሰዓት አያለሁ። ለሰባት ሩብ ጉዳይ። ሰባት። ሰባት ከሩብ። እዚያው ነኝ። አንተንና እናቴን ሚዛን ላይ አስቀምጬ ነበር፤ አንተ ቀለልክብኝ። ይህን እስከ ዛሬ ለፈሪሀም አልነገርኳትም።

ጀግንነት ያስነሳኝ እንዳይመስልህ። ፈሪሀ መጣችና ፊቴ ቆመች።

«አሁን ሊወስዱት ነው» አለችኝ። «አንድ ነገር ቢሆንብኝ በማን ስም ነው የሚያስረክቡኝ? የእኔ ባል በሰው ስም ነው ወይ የሚወጣልኝ? ዱዓ ሳደርግለት እንኳ ታሂር ማለት ፈራሁ እኮ!»

ብድግ አልኩ። ያ የተሰበረ እግሬ እንዴት እንደሮጠልኝ አላውቅም። ስደርስ ሲስተሯ መርፌውን ስባ ትሪው ላይ አስቀምጣዋለች።

«እንዳትሰጪው! አይስማማውም!» ብዬ ጮህኩ።

«ካርዱ ላይ እኮ…»

«ካርዱ የእሱ አይደለም፣ የእኔ ነው! አላምረው እኔ ነኝ። እሱ ታሂር ነው፤ ታሂር ሰይድ።»

ሱሪዬን ሰብስቤ ጠባሳዬን አሳየኋቸው። ዶክተር ምሥራቅ የእኔን እግር አዩ፤ አንሶላውን ገልጠው ያንተን አዩ። መጀመሪያ መርፌውን አስነሡ። ሌላ መድኃኒት አዘዙ፤ በስምህ ሌላ ካርድ አስወጡልህ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኔ የዞሩት።

«መድኃኒቱን ሊሰጡት መሆኑን መቼ ነው ያወቁት?»

«ስድስት ሰዓት ላይ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብለው አዩ። ሰባት ተኩል ነበር።

«ውጣልኝ» አሉኝ።

ቀዶ ሕክምና ክፍል ሁለት ሰዓት ያህል ቆየህ። ከፈሪሀ ራቅ ብዬ ቆሜ የበሩን እጀታ ሳይ ነበር። ሲያወጡህ ፈሪሀ አልጋውን ተከትላ «ታሂር! ታሂር!» እያለች ሮጠች፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ዶክተሯ በአጠገቤ ሲያልፉ ሳያዩኝ «ይተርፋል» አሉ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

የቀረውን ሰምተሃል። መታወቂያዬ ተይዟል፤ ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ተጽፏል፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይጠራኛል። እፈራለሁ፤ አልዋሽህም። ቢሮ በር ላይ የሰው ኮቴ ስሰማ እደነግጣለሁ። እማዬ «ፊትህ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የጠቆረው?» ስትለኝ «ፀሐይ ነው» አልኳት። ለእሷ ግን አንድ ነገር አድርጌያለሁ፤ እዚሁ ቆቦ የቀበሌውን መድን በራሷ ስም አስመዝግቤላታለሁ። ጸሐፊው «ከፈለች» ብሎ ጽፎ እስኪጨርስ ከመስኮቱ አልተነሣሁም።

የእምነት ቃሌን ጽፌ፣ ፈርሜ ሰጥቻለሁ። ሰዓቱንም ጽፌዋለሁ፤ ስድስት ሰዓትና ሰባት ተኩል። ስለዚህ አንተ መጥተህ ሰርቄ ነው ብትል እኔን አታድነኝም፤ ኮንትራትህን ታጠፋለህ፣ ልጆችህ የሌባ ልጅ ይባላሉ። አንተ ሌባ ተብለህ እኔ ንብረት ክፍል ተቀምጬ ደመወዝ ልበላ? እንዴት ብዬ ነው ፓምፑ ጋ የማልፈው?

ጎብዬ ደውዬ ጠይቄያለሁ። የዘንድሮው የመድን ምዝገባ የሚዘጋው የዚያኑ ሰኞ ነው፤ ከምሳ በኋላ አይቀበሉም። ስለዚህ ቆቦ አትምጣ። ፈሪሀን ይዘህ፣ የልጆቹን ፎቶ ይዘህ ቀበሌው በር ላይ ተገኝ። ወረፋው ረጅም ነው ይላሉ፤ ቁስልህ እንዳይጎተት የምትቀመጥበት ነገር ያዝ። «ትንሽ ቆይ» የሚልህ ሰው ቢኖር፣ እኔም ብሆን፣ እንዳትሰማው። የማይስማማህንም መድኃኒት ለፈሪሀ ንገራት፤ እኔ ብቻዬን የማውቀው ነገር መሆኑ ይብቃ።

ይቅርታ በወረቀት አልጠይቅህም። ኮሚቴው የሚለው ምንም ይሁን፣ ማክሰኞ በመጀመሪያው ሚኒባስ እመጣለሁ። ይህን ካነበብክ በኋላ በሩን ባትከፍትልኝ አልቀየምም። የተመዘገብክበትን ወረቀት ግን በበሩ ሥር አሾልክልኝ፤ ስምህን አይቼ ልመለስ።

ፈሪው ወንድምህ፣
አላምረው ምትኩ