ቤተ ክርስቲያኑን ያፈነው ቀለም

ይድረስ ለአባቴ፤

አክስቴ ቤት ከገባህ ወዲህ ጉልበትህ እንዴት ሆነ? የዚያ አገር ንፋስ ደረትህን አላስነሳብህም? አክስቴ ጨው ቀንሺለት ብትባልም እንደማትሰማ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሳምልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ የተከበሩትን ወራሾች ደግሞ በየቀኑ እታገሣለሁ።

ዘንድሮም አርባ ሦስቱም መጥተዋል። ድሮ ኢየሱሳውያኑ ካህናት ከአገር ሲባረሩ የሩቅ ቅድመ አያታቸው ርስቱን በጨረታ ስለገዛ ብቻ፣ የሳንታ ኤውላሊያን ቤተ ክርስቲያን በእጃቸው ያነጹ ይመስላቸዋል። ያነጹት ባሮች መሆናቸውን ለጎብኚዎች ስናገር ዶኛ ኤርሲሊያ ሰምታ፣ «ልጄ፣ በእኛ ቤት ባሪያ አልነበረም፤ የቤት ልጆች ነበሩ» ብላ አረመችኝ። የቤት ልጅ ማለት እንግዲህ ታችኛው ረድፍ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ከውጭ የሚቆለፍበት ሰው ነው። ወንድሟ ዶን ፋብሪሲዮ በበኩሉ በረንዳው ላይ የማቴ ሻዩን እየመጠጠ ስለ አያቶቹ ላብ ያወራል። እሱን ራሱን ሲያልበው ያየሁት ጥብስ ሲበላ ብቻ ነው።

ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ወሬው ሳይደርስህ አይቀርም። በየዓመቱ ከበዓሉ በፊት ኖራህን በቁልቋል ዝልግልግ ውሃ ለውሰህ ትቀባው የነበረውን ፊት ለፊት፣ አንተን ባሰናበቱ ሳምንት የከተማ የፕላስቲክ ቀለም አስቀቡት። ዶኛ ኤርሲሊያ «እንደ ሙሽራ ነጣ» አለች። ሙሽራዋ ሦስት ወር አልቆየችም። ዝናቡ ሲጀምር ከመሬት የሚወጣው እርጥበት መተንፈሻ አጣና ግድግዳው እሳት እንደነካው ቆዳ ውሃ ቋጠረ። ከዚያ ከበሩ በላይ ያሉት ጥምዝምዝ ቅርጾች ከነቀለማቸው ይረግፉ ጀመር። በግራ በኩል ያለው መልአክ ፊቱ በሙሉ ወድቋል። ዶን ፋብሪሲዮ ፍርፋሪውን በጫማው ገፋ አድርጎ፣ ድሮም አፍንጫው አያምርም ነበር አለ።

አባባ፣ የሚቀጥለውን ተቀምጠህ አንብበው።

«ባለሙያ ፈቅዷል» ብለው ሲያሰናብቱህ፣ ባለሙያው እኔ ነበርኩ። ቀለሙን ያጸደቀው ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። እዚሁ ርስቱ ላይ ያለውን የሙዚየሙን ቋሚ ሥራ እንሰጥሻለን አሉኝ። የቅርስ ጥገና ዲግሪዬን ይዤ ኮርዶባ ከተማ ስንት በር እንዳንኳኳሁ ታውቃለህ፤ ተስፋው አሰከረኝ። አላወቅሁም አልልህም። ግድግዳ እንደሚተነፍስ ዩኒቨርሲቲው ከማስተማሩ በፊት ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ ያኔ ባልዲውን እንኳ ማንሳት ሳልችል። እነሱን እየናቅሁ የከረምኩት ከእነሱ እሻላለሁ ብዬ ነበር። አልተሻልኩም፤ እነሱስ ባለማወቃቸው ነው።

ባለፈው እሑድ ጉባኤ ተቀመጡ። በበዓሉ ቀን ማን ከጳጳሱ ጎን ይቁም በሚለው ሁለት ሰዓት ተናከሱ። ሲደክማቸው ዶኛ ኤርሲሊያ ተጽፎ ያለቀ ወረቀት አቀረበችልኝ። ጥፋቱ ከሥር ያለው አሮጌ ኖራ ነው፣ ሽማግሌው ሠራተኛ አበላሽቶ ስለለወሰው ቀለሙን አልያዘም ይላል። የጎደለው ፊርማ ብቻ ነው። ከጎኑ የቋሚ ሥራዬን ውል አስቀመጠች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«አባትሽ መሆኑን እናውቃለን» አለች። «ግን አርጅቷል፤ ከእንግዲህ ስሙ ምን ያደርግለታል? አንቺ ገና ነሽ።»

አርባ ሁለት ራስ አብሮ ነቀነቀ። አንዷማ ደግ መስላ እጄን ደባበሰችኝ።

ብዕር ጠየቅሁ። ዶኛ ኤርሲሊያ የራሷን ሰጠችኝ፣ ፈገግታም መረቀችበት። ወረቀቱን ገለበጥኩና በጀርባው ጻፍኩ፦ ኖራው ደህና ነበር፤ ስህተት መሆኑን እያወቅሁ ቀለሙን ያጸደቅሁ እኔ ነኝ። ፈረምኩና ተነስቼ አነበብኩላቸው። ዶኛ ኤርሲሊያ ውሉን በአራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስለ አንተም ስለ መልአኩም የጠየቀ የለም። ዶን ፋብሪሲዮ ብቻ፣ «ታዲያ ለበዓሉ ማን ሊቀባልን ነው?» አለ።

በማግስቱ መፋቂያ ይዤ ግድግዳው ላይ ወጣሁ። በዓሉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

የታችኛውን ክፍልህን ቁልፍ ከዘበኛው ከኒካኖር ተቀብያለሁ፤ አልጋህ እንዳለ ነው። ቀለሙ ሲፋቅ ከሥሩ የአንተ ኖራ ሳይነቃነቅ እየወጣ ነው፣ ልክ እንደ ሽንኩርት፣ የያንዳንዱ ዓመት ልባስ ለብቻው። አሁን የምጠይቅህን ቶሎ መልስልኝ። ቁልቋሉ ስንት ቀን ይዘፍዘፍ? የእኔ በሦስተኛው ቀን መሽተት ጀመረ፤ ደግ ነው ወይስ ልድፋው? ኖራው የፈላበት ጉድጓድ መቼ ይከደናል? ደግሞ ማታ ማታ ጣቶችህን ምን ትቀባቸው ነበር? የእኔ መታጠፍ እምቢ ብለዋል።

ይቅር በለኝ ለማለት ገና ነኝ። መጀመሪያ ግድግዳው ይድረቅ።

እመቤታችን ደረትህን ታሙቅልህ፣ ጉልበትህን ታጽናልህ፤ የአክስቴንም ቤት በረከት አይለየው።

ኖራ ቀቢዋ ልጅህ