አንገቱን የሚያዞረው ካሜራ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ባሕር የማያግደው ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔም ሚጢጢ ልጅሽም ደህና ነን። ሁለት ጥርስ አውጥታ ጣቴን ትነክሳለች።

ትተሽልን የሄድሽው ካሜራ ጠቅሞኛል። እሷ ጓዳ ስትተኛ እኔ ሳሎን ልብስ እየሰፋሁ በስልኬ አያታለሁ። "እኔም ከሩቅ ሆኜ በስልኬ ሳያችሁ አንገቱን ያዞራል" ብለሽኝ አልነበር? ባዞረ ቁጥር "እናትሽ መጣች" እያልኩ ልጅሽን ከፍ አድርጌ አሳይሻለሁ። ወሬዬንም አወራሻለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ልብስ ላደርስ ስወጣ ልጅቷን እዚሁ ቤት ጆሮዋ ለከበደው ጎረቤቴ እንደምተዋት፣ ቁልፉንም ከአበባ ማስቀመጫው ሥር እንደማኖር ሳይቀር ነግሬሻለሁ።

ትናንት ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ስልክሽ ከተሰበረ ወር እንዳለፈው፣ ከዚያ ወዲህም ልጅሽን አንድ ቀን እንኳ እንዳላየሻት ጽፈሻል። ደጋግሜ አነበብኩት። ካሜራው ግን ከትናንት በስቲያም አዙሮ ነበር።

ዕቃ ነው፣ ይበላሻል። ነቅዬ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። የበሩንም ቁልፍ አስቀየርኩ። ቁልፍ ሠሪው "እትዬ፣ ወርቅ አገኙ እንዴ?" ብሎ ቀለደብኝ።

"አዎ፣ የሚናከስ ወርቅ" አልኩት።

ምናልባት ቀኑ ተምታቶብሽ ይሆናል። ስልክሽ የተሰበረበትን ቀን በትክክል ጻፊልኝ። ነገ ማክሰኞ ነው፤ አልወጣም፤ ደንበኞቼ ራሳቸው መጥተው ይውሰዱ።

በይ፣ ቸር ወሬሽን ያሰማኝ። ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቂብኝ፤ ልጅሽን በአንድ እጄ አቅፌ ነው የምጽፈው። ከተኛች ቆይታለች፣ ላስቀምጣት ግን እጄ እምቢ አለኝ።

እናትሽ