ቀዩ መብራት የጠፋ ዕለት

ኅዳር 3

ቢሮ ዋልኩ። ስብሰባ... ስለሚቀጥለው ስብሰባ። እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ። ዘጠነኛ ወር ሊገባ ሲል እንዲህ ነው አሉ።

ከሥራ ስወጣ መኪናዬን ከጋሽ ባዩ ጋራዥ ወሰድኩ። የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። የኋላውን ታምቡር ፈተው አዲስ የፍሬን ሸራ አስገብተውላታል። "አሁን እንደ አዲስ ናት" አሉኝ። አመሰገንኩ። ገና ቤት ሳልደርስ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራች። የፍሬን ምልክት... አሁን አይደል እንዴ የተሠራው?

ኅዳር 4

ቴዲ አያት። ባሌ መንጃ ፈቃድ የለውም፤ አስተያየት ግን አለው። "የእጅ ፍሬኑ በደንብ አልወረደም" አለ። አወረድኩት። ከዚያ በላይ የሚወርድበት ቦታ የለውም። መብራቷ እንደበራች ናት።

"ተያት፣ ስትለምድ ትጠፋለች።"

ማን ነው የሚለምደው? እሷ ወይስ እኔ?

ኅዳር 6

ዛሬ ደግሞ ይታገሱ። የቢሯችን የሒሳብ ሠራተኛ ነው። "ባትሪውን ነቅለሽ መልሺው። ስልክ ሲጨናነቅ አጥፍተሽ ታበሪው የለ?" ወልቂጤ ውስጥ መካኒክ ያልሆነ ወንድ ወዴት ይኖር ይሆን?

ሌላ ጋራዥ ልውሰዳት ብል አይቻልም። አጎት እያለ ባዕድ ዘንድ... ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቡታጅራ፣ እማዬ ቤት ይገባል።

ኅዳር 8

እማዬ ደወለች። እሑድ መሄዴ ተቆረጠ። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ የገንፎው እህል እንኳ ተፈጭቶ ተቀምጧል። እኔ እነዳለሁ። ቴዲ ከጎኔ ሆኖ ይመክራል። ጋሽ ባዩ አብረውን ሄደው ለእህታቸው በእጃቸው ያስረክቡኛል። ዕቃ ነኝ እንዴ?

ከዘቢዳር ተራራ ወደ ቡታጅራ የሚወርደውን ቁልቁለት ሳስበው ዋልኩ። ዛሬ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ ከወትሮው ይበልጥ ሰመጠ። ወይስ የእግሬ እብጠት ነው? ለቴዲ አልነገርኩትም፤ ይመክረኛል። እዚህ ልጻፈው። ፈርቻለሁ። ሁለት ነፍስ ነኝ።

ኅዳር 10

ጋራዥ ሄድኩ። "አንቺ ጥላው ሥር ተቀመጪ፤ እርጉዝ ፀሐይ አይምታት" አሉ ጋሽ ባዩ። ካቻቢቴ ይዘው ከመሪው ሥር ገቡ። ጎማ አልፈቱም፣ ኮፈን አልከፈቱም። ሻዬን ሳልጨርስ ወጡ። መብራቷ ጠፍታለች።

"ምን ሆና ነው?"

"ምንም።"

ደስ አለኝ። እንዲህ ቀላል ነበር ማለት ነው... ስጨነቅ የከረምኩት በከንቱ።

ኅዳር 12

ጠዋት ቁልፍ ሳዞር አየሁ። የዘይቱ መብራት፣ የባትሪው፣ የሞተሩ... ሁሉም እንደ ወትሮው በሩ፤ ሞተሩ ሲነሳ ጠፉ። የፍሬኗ ግን ጭራሽ አልበራችም። ድሮ ከሌሎቹ ጋር በርታ አልነበር የምትጠፋው? ደግሜ አዞርኩ። ምንም።

ለቴዲ ነገርኩት። "ስትበራ ለምን በራች አልሽ። ስትጠፋ ለምን ጠፋች። ምን ብታደርግልሽ ይሻላል?" ሆዴን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። እርግዝናው ነው ለማለት ፈልጎ ነው። ፔዳሉም እርጉዝ ሆኗል እንግዲህ፤ አሁንም ይሰምጣል።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ሻንጣ ጫንን። ጋሽ ባዩ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። የመኪናዋን በር ያዙ። አልከፈቱትም።

"እናንተ ቅደሙ። እኔ በሚኒባስ እደርሳለሁ። ወገቤን..."

ሚኒባስ ለወገብ መድኃኒት መሆኑን ዛሬ ሰማሁ። አየኋቸው። ሌላ ሌላውን ያያሉ። ያኔ ገባኝ። ሞተሩን አጠፋሁ።

"ጋሽ ባዩ፣ የቀይዋ መብራት አምፖል የት ናት?"

ከኪሳቸው መሐረብ አወጡ። በመሐረቡ ተጠቅልላ፣ የጣቴን ጥፍር የምታክል...

"የኋላው የግራ ጎማ የፍሬን ሲሊንደር ትንሽ ያፈሳል። የፍሬኑ ዘይት ቀስ በቀስ ይጎድላል። መለዋወጫው ወልቂጤ ታጣ፤ ከወለድሽ በኋላ እቀይረዋለሁ ብዬ ነው። እስከዚያ እንዳትደነግጪ..."

"እና ቁልቁለቱን?"

"ቀስ ብለሽ ከነዳሽ ያደርሳል።"

"ታዲያ እርስዎንስ ለምን አያደርስም?"

የመኪናዋን በር ለቀቁ። ቴዲ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተያየት አጣ።

አባዬ የሞተ ጊዜ "ትንሽ አሞታል" ብለው ከወልቂጤ የወሰዱኝ እኚሁ ጋሽ ባዩ ናቸው። መንገዱን ሁሉ ብርቱካን እየላጡ ሲያጎርሱኝ ነበር። ድንኳኑን ሳይ ነው ያወቅኩት። በእኛ ቤት ክፉ ወሬ ባለቤቱ ዘንድ መጨረሻ ነው የሚደርሰው፤ ፍቅር ነው ይሉታል። ይህንኑ ነገርኳቸው። "መርዶ ሆኖ ያለቀ ነው፤ ቢደብቁትም የሞተው ሞቷል። ይሄኛው ግን ገና ሊሆን ነበር።" አንቱታዬን አልተውኩም። ድምፄ ግን ጎረቤት ድረስ ተሰምቷል።

ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው ሄዱ። አላዘንኩላቸውም... ትንሽ አዘንኩ።

ኅዳር 17

ባዕድ ጠራሁ። የጎረቤታችን የዘይባ ባል ከማሉ ክሪኩን ይዞ ግቢያችን ገባ፤ ቢስሚላሂ ብሎ ጎማውን ፈታ። አዲሱ ሸራ በዘይት ርሷል። ወልቂጤ ታጣ የተባለውን ሲሊንደር ከዚሁ ከወልቂጤ ገዝቶ መጣ። ሸራውንም ቀየረ፣ ዘይት ሞላ፣ ቴዲን ፔዳሉን እያስረገጠ ከፍሬኑ ቱቦ አየሩን አስወጣ። ቴዲ እግሩ በጣም ጠቃሚ ነው።

አምፖሏን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት፤ ቦታዋ መለሳት። ቁልፍ አዞርኩ። በራች። ሞተሩ ሲነሳ ጠፋች። ፔዳሉ ጠንክሯል። እንባዬ መጣ።

ጋሽ ባዩ አልደወሉም። እማዬ ግን ደውላለች፤ "አጎትሽን አዋረድሽው አሉ" ትላለች። ብዬ አልነበር፣ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል።

ታኅሣሥ 12፣ ቡታጅራ

ሴት ልጅ። ጤነኛ። በራሴ መኪና ነው ቁልቁለቱን የወረድኩት።

ዛሬ ጋሽ ባዩ መጡ። ከዚያ እሑድ ወዲህ አልተያየንም። ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ጠያቂው ሁሉ ልጅቷን እያየ "እንዴት ታምራለች" ይላል። እሳቸው አቀፏት፤ ብዙ አዩዋት።

"አፍንጫዋ የቴዲ ነው" አሉ። "እንግዲህ እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው።"

ቴዲ አፍንጫውን ነካ። ስስቅ የተሰፋሁበት አመመኝ።

ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "ሌላም አለ። ስገባ መኪናሽን ዞሬ አየኋት። የፊት ቀኝ ጎማዋ ተልጧል። ልጅቷን ይዘሽ ከመመለስሽ በፊት መቀየር አለበት። ያን ጊዜም እውነቱን ከኪሴ ሳይሆን ከአፌ ማውጣት ነበረብኝ።"

እማዬ ገንፎውን እንደያዘች ቆመች። "ምን ነካህ ባዩ? ለአራስ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል?"

"ይነገራት" አሉ ጋሽ ባዩ።