ኮሚቴ ያልተመደበለት መጋጠሚያ

ለተከበሩ የዕቃዎች ግምገማ መምሪያ ዋና ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። መምሪያዎ ገምግሞ ያጸደቀው ዕቃ በእርስዎ ቢሮ ውስጥ እንደሌለ ስለሰማሁ፣ ደህና እንደሚሆኑ ብዙም አልጠራጠርም።

እኔ ሰው ሠራሽ እግር በሚሠራበት ማዕከል የንድፍ ባለሙያ ነኝ። ከታካሚው እግር ተቆርጦ የቀረውን ክፍል በካሜራ ለክቼ፣ እግሩ የሚገባበትን ማቀፊያ በኮምፒውተር እነድፋለሁ፤ ማቀፊያውን የሚቀርጸው ማሽንም ትእዛዝ የሚቀበለው ከዚያው ኮምፒውተር ነው። ክፍላችን የጄሶ ብናኝ የማይለየው በመሆኑ ማራገቢያው እየታፈነ ኮምፒውተሩ ይግል ነበር። መምሪያዎ «ነገር ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ በፈሳሽ የሚያቀዘቅዝ ዕቃ እንዲገጠምልን ሲያዝ ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሐሳቡ መልካም ነበርና። ዛሬ በአደባባይ እንድጽፍልዎ ያስገደደኝ ከሐሳቡ በኋላ የመጣው ነው።

አንደኛ፣ ስለ ግምገማው ጥልቀት ምስጋናዬን ላቅርብ። ፈሳሹን የሚገፋውን ፓምፕ አንድ ኮሚቴ፣ ሙቀቱን የሚያስወጣውን ራዲያተር ሌላ ኮሚቴ፣ ቱቦውን ሦስተኛ፣ ፈሳሹን ደግሞ አራተኛ ኮሚቴ እንደመረመረው ሪፖርታችሁ ይመሰክራል። ፓምፑ ድምፅ የለሽ ነው ተብሎ ተመስግኗል፤ ለካስ የተገመገመው ሳይበራ ኖሯል። ራዲያተሩ በክብደቱና በማማሩ አልፏል። ቱቦው ተጣጥፎ ተዘርግቶ አልተሰነጠቀም። ፈሳሹም ጠርሙሱን ሳይለቅ «የመፍሰስ ችግር አልታየበትም» ተብሎለታል። እነዚህን ሁሉ አጋጥሞ፣ ፈሳሽ ሞልቶ፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ ያሠራቸው ሰው ግን አልነበረም። ድር አንበሳ የሚያስረው ሲያብር ነው፤ የእናንተው ድር በየክሩ ተሞግሶ ቀረ።

ሁለተኛ፣ ኮሚቴዎችዎ ለደረሰብን አደጋ ስላሳዩት ፈጣን ምላሽ አመሰግናለሁ። የቱቦው አፍ ከፓምፑ አፍ ጥቂት ይሰፋ ስለነበር፣ ዕቃው ከተገጠመ ብዙም ሳይቆይ ፈሳሹ ከመጋጠሚያው መንጠባጠብ ጀመረና ኮምፒውተሩ ጨሶ ጠፋ። የቱቦው ኮሚቴ መጥቶ ቱቦው አለመቀደዱን አረጋግጦ ተመለሰ። የፓምፑ ኮሚቴ መጥቶ ፓምፑ አለመሰበሩን አረጋግጦ ተመለሰ። የፈሳሹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጠረጴዛዬ ላይ የፈሰሰውን በጣታቸው ነክተው ጥራቱ እንዳልተለወጠ ነገሩኝ። እኔ እስከዚያ በአሮጌ ፎጣ እያደረቅሁ ነበር። መጋጠሚያው የማን ሥራ ነው ብዬ ስጠይቅ ግን አንዱ ወደ ሌላው እየጠቆመ በሩ ላይ ደረሱ። ኋላ በደረሰን ማብራሪያ ጥፋቱ የተጠቃሚዋ፣ ማለትም የእኔ ሆኖ ተገኘ፤ ኮምፒውተሩን ያበራሁት እኔ ነኛ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር፤ ማኅተም ተመትቶበት ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ሦስተኛውን ነጥብ በጨዋነት ለመጻፍ ደጋግሜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ኮምፒውተሩን «ለዳግም ግምገማ» አሽጋችሁ ወስዳችሁታል። መረጃው ያለበት ሃርድ ዲስክ ጠብታ እንዳልነካው የላካችሁት ባለሙያ ራሱ ነግሮኛል። በውስጡ የአንዲት ልብስ ሰፊ እግር ልክ አለ። እኚህ ሴት በመኪና አደጋ ያጡት የስፌት መኪናቸውን ፔዳል የሚረግጡበትን እግር ነው፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ እግር ነው። ማቀፊያቸው ተነድፎ አልቆ ሊቀረጽ ሲል ነው ያ ፈሳሽ የወረደው። በክራንች አውቶቡስ እየተሳፈሩ ይመጡና፣ ልጄ፣ ያ ኮምፒውተር ተሻለው ወይ ብለው፣ የታመመ ዘመድ እንዳለን ሁሉ ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው? ድጋሚ ልለካቸው ብል፣ የምለካበትና የምነድፍበት ፕሮግራምም በዚያው ሃርድ ዲስክ ላይ እናንተ ዘንድ ነው። እሽጉ ይፈታ ብል፣ ግምገማው ሳያልቅ አይፈታም ተብያለሁ። ግምገማው መቼ ያልቃል ብል ደግሞ፣ መጋጠሚያው በየትኛውም ኮሚቴ የሥራ ድርሻ ስላልተጠቀሰ ገና አልተጀመረም አሉኝ። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ኃላፊ። እኚህ ሴት ስፌት መኪናቸውን ጨርቅ አልብሰው ቤት ሲውሉ፣ እናንተ ውሃ ትወቅጣላችሁ።

አራተኛ፣ ለሌሎቹ ክፍሎቻችን ያንኑ ዓይነት ዕቃ ልትልኩልን እንደተዘጋጃችሁ ሰምቻለሁ። ከስሕተቱ ትምህርት ተወስዶ ለመጋጠሚያው ሳይሆን ለራዲያተሩ ማራገቢያ አምስተኛ ኮሚቴ መቋቋሙም ተነግሮኛል። እግዜር ይስጥልን።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። እሽጉን ፈትታችሁ ሃርድ ዲስኩን መልሱልን፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ገጥመን ሥራችንን እንቀጥላለን። አዲሱንም ዕቃ ከመላካችሁ በፊት አንድ ጠረጴዛ ላይ ገጣጥማችሁ፣ ፈሳሹን ሞልታችሁ፣ ከሥሩ ደረቅ ወረቀት አንጥፋችሁ አሠሩት። ወረቀቱ ከረጠበ ስብሰባ አያስፈልገውም።

ለደረቁ ጠረጴዛዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ስለ ትዕግሥትዎ የራሴን ትዕግሥት ጨርሼ፣ እጅ እነሣለሁ፤

የፈሳሽ እድፍ ባለበት ጠረጴዛ ፊት ሥራ ፈታ የተቀመጠች አክባሪዎ፣
የንድፍ ባለሙያዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የመምሪያዎን አሠራር ለልብስ ሰፊዋ አስረድቻቸዋለሁ። እኛም እንደ እናንተ ማቀፊያውን ለብቻ፣ ዘንጉን ለብቻ፣ መርገጫውን ለብቻ ገምግመን፣ መጋጠሚያዎቹን ሳናይ እግሩ አልፏል ብለን ልንሰጣቸው እንደምንችል ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና እሺ አሉኝ፤ ብቻ መጀመሪያ ኃላፊው ደረጃ ይውጡበት ብለዋል።